ሸይኻችንን ሳንጠይቅ የመረጥንላቸው ሌንስ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ ራሳችን ነው፤ ስህተታችንንም ጭምር ነው። ከእናንተ መካከል ዓይኑ እየደከመ ያለ አባት፣ እናት፣ አያት ወይም ኡስታዝ የሌለው ጥቂት ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኛ ደሴ አካባቢ ባለ አንድ መስጂድ ከሸይኻችን ስር ቀርተን ያደግን፣ ዛሬ ደግሞ በዚያው መስጂድ እሳቸውን የምናግዝ ሰዎች ነን። ዕድሜያችን ሠላሳዎቹን ይዟል። ሸይኻችን ሰባን አልፈዋል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ምሰሶዋን ተደግፈው አጎዛቸው ላይ ይቀመጣሉ። ደረሳው ተራ በተራ ከፊታቸው ይቀመጥና ከኪታቡ ያነባል፤ እሳቸው ይፈቱለታል። እኛ ሕፃናት ሳለን እንዲህ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ዓይናቸው መድከም የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ «መብራቱ ጭጋግ ለበሰ» ማለት ጀመሩ። ቀጥሎ ኪታቡን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት መጣ። ከዚያ ሰው ሰላም ሲላቸው ዝም ብለው ድምፁን አዳምጠው ስሙን መጥራት ያዙ። ብሌናቸው ላይ ነጣ ያለ ነገር ይታይ ነበር። ሁላችንም «ሞራ ነው» አልን። «ሞራ ደግሞ እስኪበስል ይጠበቃል» አልን። ይህን የነገረን ሐኪም አልነበረም። ከአያቶቻችን የሰማነው ነው። ሦስት ዓመት ጠበቅን። ይህ የመጀመሪያው ስህተታችን ነው፤ ዋጋውን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

አንድ ቀን ሸይኻችን ከዒሻ በኋላ የመስጂዱን ደረጃ ስተው ወደቁ። አልሐምዱሊላህ አጥንታቸው አልተሰበረም። እኛ ግን ደነገጥን። በዚያው ሳምንት ተሰብስበን መከርን። ከመካከላችን አዲስ አበባ ተመላልሶ የጠየቀ ወንድም ነበር። «ሞራው ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ሌንሱ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። መልቲፎካል የሚባለው አለ፤ ሩቁንም ቅርቡንም ያለ መነፅር ያሳያል። ዋጋው ከተራው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው» አለን።

ማናችንም አላመነታንም። ለሸይኻችን ተራ ነገር? ወላሂ፣ አይሆንም! በጁሙዓ ቀን ከሶላት በኋላ ተነሥተን «ለሸይኻችን ከሌንስ ሁሉ የበለጠውን ልናስገባላቸው ነው፤ እጃችሁን ዘርጉ» አልን። በቴሌግራም ግሩፓችንም ለቀቅነው። ከጅዳና ከዱባይ ያሉ የሰፈራችን ልጆች ላኩ። ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ እናት የቀን ገቢዋን አምጥታ ሰጠችን። በሦስት ሳምንት ገንዘቡ ሞላ።

ልብ በሉ፣ ሹራ አድርገናል። ሐኪም ቤት ጠይቀናል፤ ዋጋ አነጻጽረናል፤ ገንዘብ ሰብስበናል። የዓይኑ ባለቤት ግን ሹራው ላይ አልነበሩም። «እሳቸው ምን ያውቃሉ፣ የሕክምና ነገር ነው» ብለን ሳይሆን ልናስደስታቸው ብለን ነበር። ግን ውጤቱ ያው ነው።

አዲስ አበባ ሄድን። ዓይናቸውን ያየችላቸው ሐኪም ወጣት ነበረች። መብራት አበራችባቸው፤ ብሌናቸውን በጠብታ አስፍታ ተመለከተች፤ የዓይናቸውን ግፊት ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ እኛን ሳይሆን እሳቸውን አየችና «አባባ፣ የሁለቱም ዓይንዎ ሞራ ይወጣል። የግራው ዓይንዎ ላይ ግን ሌላ በሽታ አለ» አለች።

ግላኮማ ነበር። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ፣ ዓይንን ከአእምሮ ጋር የሚያገናኘውን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ አይቀላም። ከዳር ከዳር ያለውን እይታ እየበላ ይመጣል፤ ሰውየው አያውቅም። ሞራ የጋረደው እይታ በቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ግላኮማ የወሰደውን ግን የሚመልስ ሕክምና የለም፤ የቀረውን ማዳን ብቻ ነው ያለው። የሸይኻችን የግራ ዓይን ብዙው ሄዷል። የቀኙም ነርቭ መጎዳት ጀምሯል።

«መቼ ነው መምጣት የነበረብን?» ብለን ጠየቅን። «ማየት ሲያስቸግራቸው» አለች። «ሞራ እስኪበስል መጠበቅ የድሮ ነገር ነው። እንዲያውም ሲጠነክር ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል። ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ ቢሆን ግፊቱም ያኔ ይገኝ ነበር።» ሦስት ዓመት «ሞራ ነው» እያልን የጠበቅነው ሌላው በሽታ ከሞራው ጀርባ ሲሠራ ነው። ሸይኻችን ፊታችንን ባያዩትም ዝምታችንን ሰሙት። «አብሽሩ» አሉን፤ «የቀረውን አሳዩኝ።»

ስለ ሌንሱ ስንነግራት ሐኪሟ ጥያቄያችንን እስከ መጨረሻው ሰማችን። ከዚያ መልቲፎካሉ ለእሳቸው እንደማይሆን ነገረችን። ምክንያቱን እንደተረዳነው እናስረዳችሁ።

ተራው ሌንስ፣ ሞኖፎካል የሚሉት፣ ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ሁሉ ለአንድ ርቀት ይሰበስባል። በዚያ ርቀት ያለው ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለሌላው ርቀት መነፅር ያስፈልጋል። መልቲፎካሉ ብርሃኑን ይከፋፍለዋል፤ ከፊሉን ለሩቅ፣ ከፊሉን ለቅርብ። አንድ ኩራዝ ለሁለት ክፍል እንደማብራት ነው። ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ይለምደዋል፤ ከመነፅርም ያርፋል። ነገር ግን ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ሊታየው ይችላል፤ የጥቁርና የነጭ ልዩነትም በመጠኑ ይደበዝዛል። ነርቩ የተጎዳ ሰው ደግሞ ይህ ልዩነት አስቀድሞ ደብዝዞበታል። ካለው ጥቂት ላይ መቀነስ ነው። «ውድ ስለሆነ ለሁሉም ይበልጣል ማለት አይደለም» አለችን።

ቶሪክ የሚባልም አለ። የዓይን ፊት ለፊቱ መስተዋት ክቡ ተዛብቶ ወደ ሞላላ ሲያደላ ያንን የሚያስተካክል ነው። ለክታ፣ የሸይኻችን መዛባት ትንሽ ስለሆነ አያስፈልጋቸውም አለች።

እኛ አፈርን። ገንዘቡን የሰበሰብነው «ከሁሉ የበለጠ» ብለን ነው። እሷ ግን ወደ ዋናው ጥያቄ ገና መግባቷ ነበር። «ሞኖፎካል ከሆነ ለየትኛው ርቀት ይሁን?» አለች። እኛ አንድ ላይ «ለሩቅ!» አልን። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ «አይ፣ የኪታብ ሰው ናቸው፤ ለቅርብ ይሁን» አለ። እዚያው ክርክር ጀመርን። ሐኪሟ እጇን አነሣችና «አባባ፣ እርስዎ ማየት የናፈቁት ምንድን ነው?» አለቻቸው።

በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ማናችንም አልጠየቅናቸውም ነበር።

ሸይኻችን ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣» አሉ፣ «ኪታቡን ደረሳው ያነብልኛል። አንድ ፊደል ቢስት ጆሮዬ ይይዘዋል። ያልገባው እንደሆነ ግን ጆሮዬ አይነግረኝም። ፊቱ ነበር የሚነግረኝ። አሁን ‹ገባህ?› እላለሁ፤ ሁሉም ‹ገባኝ› ይለኛል። እኔ የናፈቀኝ የደረሳውን ፊት ማየት ነው።»

ወንድሞችና እህቶች፣ እኛ ከዚያ ‹ገባኝ› ከሚሉት መካከል ነን። ስንት ቀን ሳይገባን «ገባን» ብለናቸዋል! እንዳናደክማቸው ብለን ነው። እሳቸው ግን ያውቁት ነበር።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ደረሳው ከእርስዎ ምን ያህል ርቆ ይቀመጣል?» አለች። ማናችንም በቁጥር አናውቅም። «ነገ ለክታችሁ ኑ» አለችን። እኛ አዲስ አበባ ነን፤ ምሰሶዋ ደሴ ናት። መስጂድ ለቀሩት ደረሶች ደወልን። ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሰው፣ አንዱ በአጎዛው ላይ፣ አንዱ በደረሳው ቦታ ተቀምጠው ከዓይን እስከ ዓይን ለኩ። አንድ ሜትር ከአሥር። ጭን ላይ ያለው ኪታብ ሃምሳ ሴንቲሜትር።

በማግስቱ ሐኪሟ ሒሳቡን አስረዳችን። የሌንስ ኃይል የሚለካው በዲዮፕተር ነው። ዓይኑ ለሩቅ ብቻ እንዲሆን ከተፈለገ የሚታለመው ቁጥር ዜሮ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በአንድ ከወረደ ጥርት ያለው እይታ አንድ ሜትር ላይ ያርፋል። በሁለት ከወረደ ግማሽ ሜትር ላይ። አንድን ለቁጥሩ ስታካፍሉ ርቀቱ በሜትር ይወጣል። ፈራኢድ የቀራ ሰው ክፍልፋይ አይፈራምና ሸይኻችን ከእኛ ቀድመው ያዙት። «እንግዲያው የእኔ አንድ ነው» አሉ።

ሐኪሟ ተስማማች፤ ግን የሚቀረውንም አልደበቀችም። «የሩቁ ደብዘዝ ይላል፤ መንገድ ላይ መነፅር ያስፈልግዎታል። ትንንሹን ጽሑፍ ለማንበብም ሌላ መነፅር ያስፈልጋል። ቁጥሩም በትንሹ ሊዛነፍ ይችላል» አለች። እዚህ ላይ ልብ ያልነው ነገር አለ። ያው አንድ ዓይነት፣ ያው ርካሽ ሌንስ ነው። የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ለቁጥሩ ደግሞ ጭማሪ ክፍያ የለም። ዋጋው መጠየቅና በጥንቃቄ መለካት ነው። ለዚህም ነው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የዓይኑን ርዝመትና የፊቱን ቅርጽ በመሣሪያ የለካችው።

ሸይኻችን አንድ ነገር ጠየቁ፤ «ሌንሱ ከምን ይሠራል? ከእንስሳ ነው?» አይደለም፤ ፕላስቲክ ነው። ታሪኩንም ነገረቻቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ተሰብሮ ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸው እንግሊዛውያን አብራሪዎች ነበሩ። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ ሐኪም ዓይን ያንን ፕላስቲክ ብዙም እንዳልተቃወመው አስተዋለ። እ.ኤ.አ ኅዳር 29 ቀን 1949 ለንደን ውስጥ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። በጊዜው ብዙ ሐኪሞች ተቃወሙት። ዛሬ ግን የዓለም ሕክምና ሆኗል።

እኛም ሌላ ታሪክ እንጨምርላችሁ። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዐማር ኢብኑ ዐሊይ አል-መውሲሊ የተባለ የመውሲል ሰው ግብፅ ውስጥ ሞራን በቀዳዳ መርፌ መጥጦ ስለማውጣት በኪታቡ ጽፏል። ሞራውን ማውጣት ጥንትም ነበር። በቦታው የሚተካ አልነበረም እንጂ። ለዚህ ነው ድሮ ሞራ የወጣላቸው ሰዎች እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነፅር ያደርጉ የነበረው።

ስለ ርካሹ ሌንስም አንድ ነገር እንበል፤ «ርካሽ» ስንል እንዳንንቀው። ሌንስ ለድሃው የማይቀመስበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ በ1992 ሕንድ፣ ማዱራይ ከተማ አውሮላብ የተባለ ፋብሪካ በዝቅተኛ ዋጋ መሥራት ጀመረ። በ1994 ደግሞ ፍሬድ ሆሎስ በተባለው አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም ስም የተሰየመ የሌንስ ፋብሪካ እዚሁ ጎረቤታችን አስመራ ተከፈተ። በአገራችን በ1998 ዓ.ም አካባቢ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ለእነዚህ ሰዎች ብርሃን የመለሰው በአብዛኛው ይህ ተራ የተባለው ሌንስ ነው።

ቀዶ ሕክምናው የግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሙሉ ሰመመን የለውም፤ ዓይኑ ብቻ ነው የሚደነዝዘው። ሸይኻችን ከንፈራቸው በዚክር ሲንቀሳቀስ ነበር። ሌንሱ ተጣጥፎ ሦስት ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቀዳዳ ገብቶ ውስጥ ተዘረጋ። የቀኙ ቀድሞ ተሠራ። የግራው ከሳምንታት በኋላ ነው የተሠራው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉትን ሳምንታት አቅልላችሁ እንዳታዩ። ጠብታ በሰዓቱ ነው። ማሸት የለም፤ ከባድ ነገር ማንሣት የለም፤ ውሃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተብሏል፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ መሬት አይጎንበሱም ተብሏል። ሸይኻችን ለእኛ ያቀሩንን የታማሚ ሸርዒ ብያኔ በራሳቸው ላይ ሠሩበት። ወንበር ላይ ተቀምጠው በጥቅሻ ሰገዱ። ውዱኣቸውንም ዓይናቸውን ከውሃ ጠብቀው ነበር የሚያደርጉት። «ቻልኩ ብሎ ዓይኑን የሚያጠፋ ሰው ጎበዝ አይደለም» ይሉ ነበር። በእነዚያ ቀናት ማሰገዱ ወደ እኛ መጣ። እሳቸው ከኋላችን በወንበር ላይ ሆነው ማሰገድ ምን ያህል እንደከበደን አላህ ያውቃል።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ እንጨርስ። ብዙ ተረፈ። ከመካከላችን «ለመስጂዱ ምንጣፍ እናውለው» ያለ ነበር። ሸይኻችን ሲሰሙ ተቆጡ። «ሰው የሰጣችሁ ለዓይን ነው። የሰጠው በሚያውቀው ነገር ላይ ነው። ወይ መልሱለት ወይ ጠይቁት፤ አማና ነው» አሉን። በሚቀጥለው ጁሙዓ ተነሥተን እውነቱን ነገርን፤ ውዱ ሌንስ እንዳልተገዛ፣ ለምን እንዳልተገዛ፣ ስንት እንደተረፈ። በግሩፑም ጻፍን። ሁለት ሰዎች ገንዘባቸው እንዲመለስ ፈለጉ፤ መለስንላቸው። የቀሩት «ለሌላ ዓይን ይሁን» አሉ። በዚያ ገንዘብ ሦስት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ታከሙ። ቡና የምትሸጠዋ እናት ስንጠይቃት ሳቀችና «እኔም እኮ የግራው ጭጋግ ሆኖብኛል፤ ማን ጠየቀኝ?» አለችን። አራተኛዋ እሷ ሆነች።

ሸይኻችን ወደ ምሰሶዋ የተመለሱት ከወር በኋላ ነው። አሁን ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብለን አንዋሻችሁም። ሚናራውን ያለ መነፅር ደብዝዞ ነው የሚያዩት። የሓሺያውን ደቃቅ ጽሑፍ በመነፅርም በአጉሊ መስተዋትም ነው የሚያነቡት። የግራው ዓይናቸው ሞራው ወጥቶለትም የተመለሰው ጥቂት ነው። የግላኮማውን ጠብታ ዕድሜ ልካቸውን ማታ ማታ ይጨምራሉ፤ ተራ ገብተን እናስታውሳቸዋለን።

በመጀመሪያው ቀን ግን አንድ ታዳጊ ደረሳ ከነሕው ኪታብ አንድ ምዕራፍ አነበበ። ፈቱለት። «ገባህ?» አሉት። «ገባኝ» አለ። ሸይኻችን ፊቱን አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። «አልገባህም» አሉና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩለት። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። ቀና ብለው እኛንም አዩን። የዚያን ቀን እኛም የማናውቀውን «አልገባንም» አልን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ የምትይዙት ይህን ነው፤

አንደኛ፣ ሞራ እስኪበስል አትጠብቁ። ወላጃችሁ ማየት ካስቸገራቸው ዛሬ ውሰዷቸው። አቅም ከሌላችሁ በየጊዜው በዘመቻ የሚሰጥ ነፃ ቀዶ ሕክምና አለና በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የዓይን ግፊታቸውንም አስለኩ። በተለይ አርባን ያለፈና በቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት ሰው ሕመም እስኪሰማው መጠበቅ የለበትም።

ሦስተኛ፣ ሌንስ ስትመርጡ ከዋጋ አትጀምሩ። ከቀናቸው ጀምሩ። ጠዋት ምን ይሠራሉ? ማታ ይወጣሉ? ይሰፋሉ? መኪና ይነዳሉ? እጃቸው የሚሠራውና ዓይናቸው የሚያርፍበት ርቀት ስንት ነው? ለክታችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። መነፅር ማድረግ ሽንፈት አይደለም።

አራተኛ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታው እንደገና ቢደበዝዝ «ሞራው ተመልሶ መጣ» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ሲደበዝዝ ነው፤ በአጭር የጨረር ሕክምና ይጠራል።

አምስተኛውና ዋናው፣ ባለቤቱን ጠይቁ። ከልባችን የምንወዳቸውን ሽማግሌዎች ሳንጠይቅ ስንወስንላቸው ኺድማ ይመስለናል። እኛ ለሸይኻችን ከሁሉ የበለጠውን ፈልገን ነበር። የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ግን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥልን። የወላጆቻችንንና የመሻይኾቻችንን ዓይን ይጠብቅልን። በዱዓችሁ አትርሱን፤ ለሚጠቅመው ሰው አድርሱት።

ወላሁ አዕለም።